ከፓርክ ወሰን አጠገብ፦ ቀን ዝንጀሮ ከማሳ፣ ሌሊት አውሬ ከበረት። ምን ያዋጣል?

ወሰን ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ፤

ከብሔራዊ ፓርክ ጋር የሚዋሰን 2 ሄክታር ገደማ ማሳ አለ። ዋናው ሰብል በቆሎ ነው፤ በአንደኛው ጥግ ስኳር ድንች አለበት። ከደኑ እስከ መጀመሪያው የበቆሎ መስመር 15 ሜትር ቢሆን ነው፤ መሃሉ ሰው የሚውጥ ቁጥቋጦ ነው። ቀን ቀን ዝንጀሮ ይገባል፤ ሌሊት ስኳር ድንቹ እየተፈነቀለ ያድራል። ከማሳው ጎን ያለው በረት የእሾህ አጥር ሲሆን 30 ያህል በግና ፍየል፣ ጥቂት ላሞችም ያድሩበታል። ከዚያም በግ ይወሰዳል። አንዱ ጅብ ነው ይላል፣ ሌላው ነብር።

እስካሁን የተሞከሩት፦ አሮጌ ልብስ የለበሰ ማስፈራሪያ፣ ቆርቆሮ ማንኳኳት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የሶላር መብራት። ሦስቱም ለሳምንት ያህል ሠሩ፤ ከዚያ ዝንጀሮው ማስፈራሪያው ትከሻ ላይ መቀመጥ ጀመረ።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ የንብ ቀፎ አጥር ለዝንጀሮ ያገለግላል? የኤሌክትሪክ አጥር ለዚህ መጠን ማሳ ይሆናል ወይ፣ ከተተከለስ በኋላ የሚበላሸው ምኑ ነው? በረቱን ከየት እንጀምር? «መርዝ አስቀምጡና ተገላገሉ» የሚሉም አልጠፉም፤ ስለሱም ቁርጥ ያለ መልስ ብትሰጡን።

ማማ ላይ

ከመሣሪያው በፊት አውሬው ይለይ። እዚህ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ፤ ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም። ለ2 ሳምንት ደብተር ያዙ፦ የገባበት ሰዓት፣ የመጣበት አቅጣጫ፣ የተበላው የሰብሉ ክፍል፣ የጠፋው ስፋት በእርምጃ። ዝንጀሮ በቆሎውን እሸት በእሸት ቀንጥሶ ይሸለቅቃል፣ ግማሹን ግጦ ይጥላል፣ ሌላ ይቀነጥሳል፤ ሽፋኑ በየመስመሩ ተበትኖ ይገኛል። የዱር አሳማ አገዳውን ጥሎ ነው የሚበላው፤ ስኳር ድንች ላይ ደግሞ አፈሩን በአፍንጫው ስለሚገለብጠው መሬቱ የታረሰ ይመስላል። ጃርት ግን ጠበብ ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ ሥሩን እዚያው ይቀረጥፋል። የጥርሱ ምልክት በመሮ የተፋቀ ነው የሚመስለው፤ ብዙ ጊዜ እሾሁንም ጥሎ ይሄዳል። የእናንተ የሌሊቱ እንግዳ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ አጥር መግዛት የለም።

ሥራው የት ላይ መሆን እንዳለበትም ልብ በሉ። ዩጋንዳ ውስጥ በኪባሌ ደን ዳር በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት፣ ከወሰኑ በ500 ሜትር ውስጥ ያሉ ማሳዎች በአንድ የምርት ወቅት በአማካይ ከ4 እስከ 7 በመቶ ሰብል ነው ያጡት። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አማካይ ስለሆነ ግን ያታልላል። ጉዳቱ በጥቂት ማሳዎች ላይ ተከምሮ፣ አንዳንዱ በቆሎ ጨርሶ ወድሟል። 2ቱን ሄክታር እኩል ለመጠበቅ አትሞክሩ፤ ጉልበቱ ሁሉ ደኑን በሚያየው ጠርዝ ላይ ይዋል።

ዝንጀሮ ዘው ብሎ አይገባም። ሽፋን ውስጥ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ጠባቂው ፊቱን ሲያዞር ነው የሚነሣው። ስለዚህ ዋናው ጠላታችሁ ያ 15 ሜትር ቁጥቋጦ ነው። በእናንተ ይዞታ ውስጥ ያለውን መንጥሩት፤ በፓርኩ በኩል ያለውን ግን ያለ ፈቃድ አትንኩ። ይህ ካልበቃ ከራሳችሁ ማሳ የመጀመሪያዎቹን 20–30 ሜትር ከበቆሎ አውጡና ዝቅ ብሎ የሚያድግ፣ ዝንጀሮ የማይወደው ሰብል አልብሱት፦ ሚጥሚጣ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት። ሚጥሚጣው ዝንጀሮውን ያባርራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ አይበላም፣ ደግሞም ዝንጀሮው በገላጣ መሬት ላይ 30 ሜትር ተጋልጦ እንዲያቋርጥ ያስገድደዋል።

ከዚያ ጥበቃ። ለዝንጀሮ እስካሁን ሰውን የሚተካ ነገር የለም። ማማው ማሳው መሃል አይሠራ፤ የደኑን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ ቦታ ላይ፣ ከበቆሎው ቁመት በላይ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ ይሁን። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ማማ ላይ ሆኖ ያያል፣ ሌላው ጠርዙን እየተመላለሰ ይጓዛል። ፈረቃ የሚለዋወጠው ማሳው ላይ ነው፤ «ምሳ በልቼ ልምጣ» ብሎ መሄድ ማለት በሩን ከፍቶ መሄድ ነው። ዝንጀሮ ሰው ይለያል፤ ከወንድ አዋቂ ይልቅ ሴቶችንና ልጆችን እንደሚደፍር በብዙ ቦታ ተመዝግቧል። ልጅ ብቻውን አታቁሙ፤ አያዋጣም፣ አደጋም አለው፣ ትምህርቱም ይቀራል።

የሚባረረውም ሳይገባ ነው። አንዴ እሸት ይዞ ከሮጠ የፈለገውን አግኝቷል፤ ጩኸታችሁን ከምንም አይቆጥረውም፣ ነገም ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ አያስፈልግም፦ ከዘር በኋላ ያሉት 2 ሳምንታት (ዘሩን እየጫረ ያወጣል)፣ ከዚያ በቆሎው ወተት ከያዘበት ጊዜ እስከ አጨዳ። ጎረቤቶች በተቻለ መጠን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይዝሩ። ቀድሞ ብቻውን ያሸተ ማሳ የአካባቢውን መንጋ ሁሉ ብቻውን ያስተናግዳል።

ሽቦና ቮልት

ማማ ላይ ያለው ትክክል ነው፤ «ሰውን የሚተካ የለም» የሚለው ላይ ግን ትንሽ እለያለሁ። በደንብ የተሠራ የኤሌክትሪክ አጥር የጥበቃውን ሰዓት በጣም ይቀንሳል። በደንብ ያልተሠራው ደግሞ ልብስ ማስጫ ነው።

2 ሄክታር እኩል ጎን ካለው ዙሪያው 570 ሜትር ገደማ ይመጣል። ሦስት ጎን አጥሮ አራተኛውን መተው አይሠራም፤ ዝንጀሮ ዞሮ ይገባል። ለዚህ ርዝመት ከ2–3 ጁል (የምቱ ጉልበት) ኢነርጃይዘር፣ ማለትም ወደ አጥሩ ምት የሚልክ መሣሪያ፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪና የሶላር ፓነል ይበቃል። አጥሩ ላይ 6,000–7,000 ቮልት ይኑር፤ ከ5,000 በታች ሲወርድ ምክንያቱን ፈልጉ። የቤት መብራት መስመር በቀጥታ ሽቦው ላይ ማገናኘት በፍጹም አይታሰብ። ኢነርጃይዘር በሰከንድ አንዴ ያህል፣ ለሽርፍራፊ ሰከንድ ብቻ ነው የሚመታው፤ የነካው ሰው ይደነግጥና ይላቀቃል። የቤት መስመር ግን ጡንቻን ጨብጦ አይለቅም፤ ይገድላል።

ዝንጀሮን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚስተው ይኼን ነው፦ ምቱ የሚሰማው ጉዞው ሲሟላ ብቻ ነው፤ ከሽቦው ወደ እንስሳው፣ ከእንስሳው ወደ መሬት። ዝንጀሮ ዘሎ አራቱንም እግሩን ሽቦ ላይ ካሳረፈ መሬት አልነካምና ምንም አይሰማውም፤ እንደ መሰላል ይወጣዋል። ስለዚህ ሽቦዎቹ እየተፈራረቁ ይዘርጉ፤ አንዱ ኃይል ያለው፣ ቀጣዩ ከመሬት ዘንጉ (አፈር ውስጥ ከሚተከለው ብረት) ጋር የተያያዘ፣ በመካከላቸው ከ10–15 ሳ.ሜ። አንዱን ጨብጦ ሌላውን ሲረግጥ ይመታዋል። ደረቅ አፈርም ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያሳልፍ፣ በበጋ የሚያድናችሁ ይኸው አሠራር ነው። የእንጨት ቋሚ ላይ እንዳይወጣ በእያንዳንዱ ቋሚ በውጭ በኩል ወጣ ያለ ኃይል ያለው ሽቦ ይለፍ። ከአጥሩ በ5 ሜትር ውስጥ ያለ ዛፍ ይከርከም፤ ከቅርንጫፍ ወደ ውስጥ መዝለል ለሱ ቀላል ነው።

የመሬት ዘንግ ላይ ሰው ይሰስታል። ቢያንስ 3 ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ዘንግ፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር ገደማ፣ በመካከላቸው 3 ሜትር ርቀት፣ እርጥበት በማይጠፋበት ቦታ። ፍተሻው እንዲህ ነው፦ ከኢነርጃይዘሩ ከ100 ሜትር በላይ ራቁና ኃይሉን አጥፍታችሁ የብረት ዘንጎች ከሽቦው ወደ መሬት አስደግፉ። ኃይሉ ሲመለስ የአጥሩ ቮልት ከ2,000 በታች መውረድ አለበት። ከዚያ የመጨረሻውን የመሬት ዘንግ በቮልት ሜትር ለኩ። ከ300 ቮልት በላይ ካሳየ ዘንግ ጨምሩ፤ መሬቱ አልቀበል ብሏል ማለት ነው።

ሌላው ብልሽት፦ ሽቦ የነካ ሣር (በክረምት በየሳምንቱ ማጨድ ነው)፣ ፀሐይ የሰነጠቀው ርካሽ ፕላስቲክ ኢንሱሌተር (ሽቦውን ከቋሚው የሚለየው)፣ መዳብ ከጋልቫናይዝድ ሽቦ ጋር ተጠምዝዞ የዛገበት መጋጠሚያ፣ በበሩ ሥር የተቀበረ ተራ የቤት ገመድ። የቤት ገመድ ሽፋን ይህን ቮልት አይችልም፤ መሬት ውስጥ ያፈስሰዋል። ቮልቱ በየቀኑ ከኢነርጃይዘሩ በጣም በራቀው ቦታ ላይ ተለክቶ ይጻፍ። ለ3 ቀን የጠፋ አጥር ዝንጀሮውን «ይኼ ባዶ ነው» ብሎ ያስተምረዋል፤ ያንን ማስረሳት ደግሞ ከባድ ነው።

ወሰን ዳር (ጠያቂ)

ተባረኩ። ለአሳማውና ለጃርቱ የታችኛው ሽቦ ምን ያህል ዝቅ ይበል? ንቡንስ ማን ይመልስልን?

ሽቦና ቮልት

ለአሳማ አፍንጫ 20 ሳ.ሜ ላይ ያለ ሽቦ ጥሩ ነው። ግን ያው ሽቦ ኤሊንና ፓንጎሊንን (ሰውነቱ በቅርፊት የተሸፈነ፣ ጉንዳንና ምስጥ የሚበላ እንስሳ) ይገድላል። ፓንጎሊን ሲመታው ይጠቀለላል፤ ሽቦው መሃሉ ላይ ይቀራል፣ ምቱ በየሰከንዱ ይቀጥላል፣ እሱም ይበልጥ ይጠቀለላል። እነዚህ እንስሳት ባሉበት ወሰን ላይ የታችኛውን 30 ሳ.ሜ በወንፊት ሽቦ ዝጉት፤ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፋችሁ ቅበሩት፣ የመጀመሪያውን ኃይል ያለውን ሽቦ ከሱ በላይ አድርጉት። ወጪው ይጨምራል፣ ሣር የመንካቱ ጣጣም አብሮ ይቀንሳል።

ቀፎ ቆጣሪ

ስለ ንቡ፦ ለዝንጀሮ አይሆንም። የንብ አጥር የተሠራው ለዝሆን ነው። ኬንያ ውስጥ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲፈተን የቆየው አሠራር ቀፎዎቹን በ10 ሜትር ርቀት ሰቅሎ በሽቦ ማያያዝ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ዝሆኑ በሁለት ቀፎ መሃል ሊያልፍ ሲል ሽቦውን በደረቱ ይገፋል፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቀፎዎች ይወዛወዛሉ፣ ንቡ ይወጣል። ንብ ዝሆኑን የሚነድፈው ዓይኑ ዙሪያና ኩምቢው ውስጥ ስለሆነ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የሚሸሽ መንጋ አለ። ዝንጀሮ ግን ሽቦውን ሳይነካ በሥሩ ያልፋል።

ዝሆን በሚደርስበት ወሰን ለምታነቡ ደግሞ፦ የዚህ አጥር ድክመት ድርቅ ነው። አበባና ውኃ ሲጠፋ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ይሄዳል፤ ዝሆኑ በጣም የሚራበውም በዚያው ወቅት ነው። በ200 ሜትር ርቀት ውኃ ከሌለ አትጀምሩት። ደጋፊ የሚሆነው የሚጥሚጣ ኩበት ነው፦ ሁለት እጅ እርጥብ እበት፣ አንድ እጅ የተደቆሰ ሚጥሚጣ፣ በቅርጽ ማውጫ ተጠፍጥፎ በጥላ ይደርቅ። ሌሊት በፍም ላይ ተደርጎ ነፋሱ ወደ ደኑ በሚነፍስበት ጠርዝ ይጨስ፤ መንበልበል የለበትም፣ ጭሱ ነው የሚፈለገው። ነፋሱ ወደ ቤት ከዞረ የምታለቅሱት እናንተ ናችሁ። ሲደቆስም ጭምብልና ጓንት ይደረግ።

የዱካ ሰው

ወደ በረቱ ልምጣ። «ጅብ ነው፣ ነብር ነው» የሚለው ክርክር በሬሳው ላይ ይፈታል፤ ሬሳውን ሳታነሡ። መጀመሪያ ፎቶ፣ አጠገቡ የእጅ ማስመሪያ ተቀምጦ። ከዚያ አንገቱና እግሩ ላይ ያለውን ቆዳ ግፈፉ። ንክሻው ዙሪያ ከቆዳው ሥር የረጋ፣ የጠቆረ ደም ካለ፣ እንስሳው የተነከሰው በሕይወት እያለ ነው። ንክሻው ነጭና ንጹሕ ከሆነ ግን በበሽታ ወይም በሌላ ምክንያት ሞቶ፣ አውሬው ሬሳ ነው የበላው። በዚህ ብቻ ስንት ነብር ከሐሰት ክስ ነፃ ይወጣል።

ነብር ጉሮሮ ይይዛል፤ የአራት ክራንቻ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ጎትቶ ወደ ቁጥቋጦ ወይም ዛፍ ላይ ይወስዳል፣ ሳይበላ በፊት ጠጉሩን ይነጫል። ጅብ ከኋላ እግር፣ ከሆድና ከጡት ይጀምራል፤ አጥንቱን ሰባብሮ ይበላል፣ ብዙ ጊዜ የሚተወው የጨጓራውን ፈርስ ነው፤ ኩሱ ሲደርቅ ኖራ ይመስላል። ባለቤት የሌለው ውሻ ደግሞ ብዙ በግ ያቆስላል፣ ጆሮና የኋላ እግር ይቦጫጭቃል፣ የሚበላው ግን ጥቂት ነው። ዱካው ላይ፦ ነብር ጥፍሩ አይታይም፣ የመዳፉ የኋላ ጠርዝ ሦስት እብጠት አለው። ጅብ ጥፍሩ ይታያል፣ የፊት እግሩ ከኋላው ይበልጣል።

የእሾህ አጥር ለሁለቱም ደካማ ነው። ጅብ ዙሪያውን ይሄድና የሳሳችውን ቦታ ፈልጎ ይሾልካል፤ ነብር ከላይ ይዘልላል፤ ጣሪያ በሌለው በረት ውስጥ ከገባ በጎቹ ማምለጫ ስለሌላቸው በአንድ ሌሊት ብዙ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በግና ፍየሎቹን ከላሞቹ ለዩ። ለ30ዎቹ ጠንካራ ቋሚ፣ ዙሪያውን የተጠላለፈ ሽቦ፣ ከሥሩ 60 ሳ.ሜ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ድንጋይ የተጫነበት፣ ከላይም በዚያው ሽቦ የተሸፈነ ማደሪያ ሥሩ። ታንዛኒያ ውስጥ በማሳይ አካባቢ ቋሚው የደረቀ እንጨት ሳይሆን ተተክሎ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ምስጥ አይበላውም፣ በየዓመቱ ይጠነክራል። ሥር የሚሰድ ዝርያ ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ሽቦው ላይ እስከ በጉ ዓይን ከፍታ ድረስ የማያሳልፍ ነገር ልበዱበት፤ ሣር፣ ቅርንጫፍ፣ አሮጌ ሸራ። መንጋው አውሬውን ካላየ አይደናበርም። አንበሳ ባለበት ቦታ ከብት የሚያልቀው አንበሳው ስለገባ ብቻ አይደለም፤ ሽታው የደረሳቸው ከብቶች አጥሩን ከውስጥ ጥሰው ስለሚወጡለትም ነው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ይሁን። ከውስጥ ሲገፉት ከመቃኑ ጋር ይጣበቃል፣ ወደ ውጭ የሚከፈተው ግን መቀርቀሪያውን ሰብሮ ይበረገዳል። ከሥሩ ያለው ክፍተት ከ10 ሳ.ሜ አይበልጥ። ደግሞ ማታ ስትከቱ ቁጠሩ! ጅብ ከሚወስደው ብዙው ውጭ የቀረው ነው።

መብራታችሁ የከሸፈው ሌሊቱን ሙሉ ባንድ ዓይነት ስለሚበራ ነው። በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ዳር የተስፋፋውና የሌሊት ጥቃትን እንደቀነሰ በጥናት የታየው የሚያብለጨልጭ፣ ወደ ውጭ የዞረ መብራት ነው፤ ሰው ባትሪ ይዞ የሚዘዋወር ያስመስላል። ከበረቱ አጥር ላይ በ4ቱም አቅጣጫ አድርጉ፣ በየሳምንቱ ቦታ ቀያይሩ፣ ብቻውን ግን አትመኑት።

ወሰን ዳር (ጠያቂ)

ላሞቹ መቀመጫ ላይ ዓይን መሳል የሚባለውስ? ቀልድ መስሎን ነበር።

የዱካ ሰው

ቀልድ አይደለም። ቦትስዋና ኦካቫንጎ ላይ በ14 መንጋ ውስጥ 2,061 ከብት ለ4 ዓመት ታይቷል። ዓይን ከተሳለባቸው 683 ከብቶች አድብቶ የሚይዝ አውሬ የገደለው የለም፤ የመስቀል ምልክት ከተደረገባቸው 543 ውስጥ 4፣ ምንም ካልተደረገባቸው 835 ውስጥ 15 ተገድለዋል። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ አንበሳና ነብር የሚያደቡት ሳይታዩ ነው፤ «ታየሁ» ካሉ ይተዋሉ። ጅብ አሳድዶ ስለሚይዝ ዓይኑ ግድ አይሰጠውም። የሚያገለግለውም ቀን ለሚሰማራ ከብት ነው፤ ለሌሊት በረቱን ሥሩ።

የመስክ ሐኪም

ስለ መርዙ ቁርጥ ያለ መልስ፦ አይሆንም። በብዙ አገር ወንጀል ነው፤ ያ ባይሆን እንኳ መርዝ የሚገድለው የመጣውን ሁሉ ነው። በ2019 ቦትስዋና ውስጥ አዳኞች በመረዟቸው 3 የዝሆን ሬሳዎች ላይ 537 ጥንብ አንሣዎች አልቀዋል። ጥንብ አንሣ ሲጠፋ ሬሳው ሜዳ ላይ ይቆያል፤ ቀጥሎ የሚበዙት ውሾች ናቸው፣ ከነሱም የእብድ ውሻ በሽታ። ይህ በጎቹን ለሚጠብቀው ውሻም፣ ለልጆቹም ክፉ ነገር ነው።

ውሻ ካነሣን፦ የመንጋ ጠባቂ ውሻ ከምታስቡት በላይ ይረዳል። ናሚቢያ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ ለአርቢዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ምስጢሩ ዕድሜው ነው፤ ቡችላው በ2 ወሩ ገደማ ከበጎቹ ጋር ማደር አለበት፣ ምግቡም እዚያው ይሰጠው። ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ካደገ የሚጠብቀው ቤቱን ነው። በጎቹን እየተጫወተ ማሯሯጥ ሲጀምር (ከ6ኛው ወር አካባቢ ይጀምረዋል) ወዲያው ይገሠጽ፤ ካደገ በኋላ አይተውም።

ፓርክ ዳር ያለ ውሻ ሁሉ ደግሞ ይከተብ፦ የእብድ ውሻና ዲስቴምፐር (ከውሻ ወደ አውሬም የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ)፣ ከዚያ ማጠናከሪያው እንደ ክትባቱ መመሪያ። ዲስቴምፐር በ1994 በሴሬንጌቲ ከአንበሶቹ ሲሶውን ያህል ፈጅቷል። የባሌ ቀይ ቀበሮንም ደጋግሞ የጨረሰው ከቤት ውሻ የሄደ በሽታ ነው። ሌሊትም ውሻው ደኑ ውስጥ እንዳይዘዋወር ከመንጋው ጋር ዝጉበት።

ሬሳው ላይ የምታነሡትን ፎቶ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የበረቱን ሁኔታ ጭምር በ24 ሰዓት ውስጥ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ካሳ ባለበት አገር የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ናሚቢያ ውስጥ ለምሳሌ ከብቱ ሌሊት በረት ካላደረ ክፍያ የለም።